ሁለት አስና አንድ መስኮት

መስኮት በዕጣ መታደል ከቀረ ዘመን ሆኖታል። ዕጣ ዕድል ነው፣ ዕድል ደግሞ ለሐሜት ያጋልጣል ተብሎ ተሻረ፤ በምትኩ ሰው በችሎታው ይለይ ተባለ፤ ችሎታው ፖከር ሆነ። ለምን ፖከር እንደተመረጠ አሁን የሚያስታውስ የለም። የድልድል ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሲጠየቅ፣ «በወቅቱ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ስለዚህ ምሥራቅ ማማ በሚባለው ረጅም ሕንፃ ሰው እየሠራም፣ እየተሰለፈም፣ እያለቀሰም ይጫወታል። ዳቦ ሰልፍ ላይ አንዱ ድንገት «ኧረ ተው» ቢል የዳቦ ዋጋ ሰምቶ አይደለም፤ ያልጠበቀው ካርታ ተገልጦበት ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ሟች ወንድም ነጠላውን ተከናንቦ ትከሻው ሲርገፈገፍ ያየ አልቃሽ ሁሉ አብሮት አለቀሰ፤ በኋላ ሲጣራ ሰውየው ከነጠላው ሥር የልብስ ማስጫ ገመድ ተራ አሸንፎ ኖሯል። ሕፃናትም ትምህርት ቤት ገብተው መደመር ሳይለምዱ ካርታ መጣል ይለምዳሉ።

ጨዋታው ለማንም አይከብድም። ሁለት ካርታ ለየራስ ይሰጣል፣ አምስት ካርታ በመሐል ይገለጣል፤ በየመካከሉ ሰው የመወራረጃ ጠጠሩን ይገፋል፣ ወይ ያሳልፋል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ጠጠሩ ያለቀበት ተሸነፈ። ፊት አይታይም፣ እውነተኛ ስምም አይታይም። ከቅጽል ስሙ አጠገብ የሚታየው የተጫዋቹ የልብ ትርታ ብቻ ነው፤ ይህም ለግልጽነት ሲባል የተጨመረ ነው።

ምኒችል አያሌው ከዚህ ትርታ የተጠቀመ ብቸኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሥራው መስኮት ማጠብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማማው ውጭ በቅርጫት ተንጠልጥሎ የሌላውን ሰው መስኮት ያጥባል፤ ከፍታ ይፈራል፤ ሲፈራም ልቡ ሳያቋርጥ ይደልቃል። ጥሩ ካርታ ቢይዝም ይደልቃል፣ መጥፎ ቢይዝም ይደልቃል። ከስሙ አጠገብ ያለውን ቁጥር ያየ ተጫዋች ሁሉ ይህ ሰው ወይ ትልቅ ነገር ይዟል ወይ ሊሞት ነው እያለ ግራ ይጋባል።

ሲመሽ የሚገባው መስኮት ወደሌለው ክፍሉ ነው። ክፍሉ ከአሳንሰሩ ጉድጓድ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መስኮት ለሌላቸው ሰዎች ጽሕፈት ቤቱ «ምትክ እይታ» የሚለው የግድግዳ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በነጻ ይሰጣል፤ ለምኒችል የደረሰው አረንጓዴ መስክ ነው። በመስኩ ላይ አንዲት ቀይ ላም ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች። ወደ ግራ ስትመለስ ያያት የለም። ምኒችል የሚያወራው ሰው ስለሌለው ቀዮ ብሎ ስም አወጣላትና ከሥራ ሲገባ «ደህና ዋልሽ፣ ቀዮ» ይላታል። እሷ ታልፋለች።

ይህ ኑሮ ትርንጎን እስኪያይ ድረስ ይበቃው ነበር።

ትርንጎን ያያት በሥራ ላይ ነው። ከአባቷ ከጋሽ ደምመላሽ ጋር የምትኖርበት ቤት መስኮት ላይ ሲደርስ፣ መስታወቱን በትንፋሿ አደብዝዛ በጣቷ «እንዳትወድቅ» ብላ ጻፈችለት። ከውስጥ የተጻፈ ከውጭ ተገልብጦ ስለሚታይ ለማንበብ ብዙ ተቸገረ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ግን ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጣ መጻፍ ተለማምዳ ጠበቀችው። አንዲት ልጅ ለእሱ ስትል ሀሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገልብጣ እንደተማረች ሲገባው፣ ምኒችል ያን ቀን ሦስት ፎቅ ሙሉ ሳያጥብ አለፈ።

ጋሽ ደምመላሽ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ምኒችል አጥቦ በጨረሰ ቁጥር ከወንበራቸው ተነስተው ይመጡና በመስታወቱ ግራ ጥግ ላይ ጣታቸውን ይደቅናሉ፤ እዚህ ጋ ቀርቷል ማለታቸው ነው። ምኒችል እንደገና ያጥባል። እሳቸው እንደገና ይደቅናሉ። ሁልጊዜ ያው ጥግ ነው። ከዚያ ይመለሱና በሁለት ሕንፃዎች መሐል የምትታየውን የተራራ ቁራጭ እያዩ ይቀመጣሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ የተከሏት ጤና አዳም በመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ስለ ልጃቸው ባል የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መስኮት ለሌለው ሰው አልሰጥም። ሌላው ሌላው ይስተካከላል።»

ምኒችልም ለመስኮት ውድድር ተመዘገበ። መስኮት የሌላቸው ለማግኘት፣ ያላቸው ደግሞ ላለማጣት በየጊዜው ይጫወታሉ፤ ከየጠረጴዛው መጨረሻ ላይ አንድ ባለመስኮትና አንድ ፈላጊ ይቀራሉ። ያሸነፈ መስኮቱን ይይዛል፤ የተሸነፈ መስኮት ወደሌለው ክፍል ይገባል።

ያሠለጠኑት ጎረቤቱ ጋሽ ፈረደ ናቸው። ጋሽ ፈረደ በኮሪደሩ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሚያገባ ይጠይቁለታል፣ ሰው ከሌለ ቀዮን ያያሉ።

«ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው ማለት» አሉት አንድ ቀን፣ «ርቦት ሰው ቤት የገባ እንግዳ ማለት ነው። ብላ ሲሉት አሁን በልቼ መምጣቴ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ እስኪለምኑት እጁን አይታጠብም። ደካማ ካርታ የያዘው ግን ሳይጠራ ድግስ የገባ ሰው ነው፤ ሳያስወጡት በፊት ይጎርሳል። ስለዚህ አንተ ጠንካራ ስትይዝ አሳልፍ። ደግመህ አሳልፍ። እሱ ይለምንህ።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ እንደሚጫወት ሁሉም ሰው አያውቅም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

ጋሽ ፈረደ ቅር አላቸው። «ምግባር ነው ልጄ። መጥቀም አለበት?»

የውድድሩ ቀን ትርንጎን ለመጠየቅ ከተቆረጠው የሽምግልና ቀን ጋር ገጠመ። ምኒችል ቢለምናቸውም ጋሽ ፈረደ ቀን አንቀይርም አሉ። «ሽማግሌ እመጣለሁ ያለበትን ቀን ከቀየረ ሽማግሌ አይደለም፤ ጎልማሳ ነው። አንተ መስኮቱን ታመጣለህ፣ እኛ ልጅቷን እናመጣለን፣ ማታ እንገናኛለን። እንዳትጨነቅ ደግሞ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከፍቼ እገባለሁ፤ አንተ እዚያ ተንጠልጥለህ ስማ።»

እንዲህም ሆነ። ምኒችል ቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ እያጠበ፣ በግራ እጁ አንጓ ላይ በበራው ሰሌዳ እየተጫወተ፣ በጆሮው ደግሞ የጋሽ ፈረደን ኪስ እየሰማ ዋለ። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ፤ ጋሽ ፈረደ በተራመዱ ቁጥር ይንሿሿል። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቀ፣ ቀትር ሲያልፍ ሁለት ሰው ቀረ። «ንፋስ» የሚባለው ምኒችል ነው። ሌላኛው ባለመስኮቱ ነው፤ ቅጽል ስሙ «ዋርካው»። የዋርካው ትርታ እንደ ግድግዳ ሰዓት የረጋ ነው።

በጆሮው ውስጥ በር ተከፈተ።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ፈረደ። ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው አጉረመረሙ።

«ጉዳያችሁ ይሰማል። ግን ካርታ ላይ ነኝ፤ እቆይባችኋለሁ።»

«ቆመን እንጠብቃለን።»

«ኧረ ብዙ ልቆይ እችላለሁ። የቀረነው ሁለት ነን።»

«ስንት ቆመን አሳልፈናል» አሉ ጋሽ ፈረደ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ በስልኩ ተሰማ። «ልጃችንን ምኒችል አያሌው ይሉታል። ሠራተኛ ነው፣ አንገቱን የደፋ ነው፣ አፉን...»

«መስኮት አለው?»

«በዚህች ሰዓት እየተፋለመ ነው። እሱም ጋ የቀሩት ሁለት ናቸው።»

«ጎበዝ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። በዚያ ቀን በማማው ውስጥ ሁለት ሰው የቀረበት ጠረጴዛ ብዙ ስለነበር ምንም አልጠረጠሩም። «የኔው ደግሞ ማን እንደሆነ እንጃ። ልቡ እንደ ጥምቀት ከበሮ ይደልቃል። ፈሪ ነገር ነው መሰለኝ። ቆይ፣ ልጨምርበት።»

በምኒችል አንጓ ላይ ዋርካው ጨመረ።

ምኒችል መጥረጊያውን አቆመ። ብዙ ነገር በአጋጣሚ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናናና ካርታውን ጣለ። «ጣለ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ በጆሮው። ቅርጫቱ በራሱ ሰዓት የሚሄድ ስለሆነ ዝግ ብሎ ወረደና በታወቀው መስኮት ፊት ቆመ። ጋሽ ደምመላሽ ብርሃኑ ካርታቸውን እንዳያጠፋባቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ካርታ ለባለቤቱ ዓይን ብቻ ስለሚታይ ከፊታቸው ያለው ሰሌዳ ከውጭ ባዶ ነጭ ነው። ጣታቸው ግን ይታያል። ጣታቸው ሰሌዳውን ነካ፤ በምኒችል አንጓ ላይ አዲስ ዙር ተጀመረ።

ሁለት ካርታ መጣለት። አንድ ቀይ አስ። አንድ ጥቁር አስ።

ከዚህ የሚበልጥ የእጅ ካርታ በዓለም የለም። ምኒችል በሕይወቱ ሁለቱን አንድ ላይ አግኝቷቸው አያውቅም፤ ያገኛቸው ዛሬ ነው። ቢያሸንፍ አማቱን ከመስኮታቸው ሊያፈናቅል ነው። ቢሸነፍ መስኮት የለውም፤ መስኮት ከሌለው ትርንጎ የለችም። በዚህም በዚያም ያው ላም ናት።

ትርንጎ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ አየችው። እሱ አንጓውን አሳያት፣ ቀጥሎ የአባቷን ጀርባ አሳያት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መስታወቱን ተንፍሳ ጻፈች፤ «አታሸንፈው»። ቶሎ በእጅጌዋ አጠፋችው። «አሸንፈው» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። ጥቂት አሰበችና «እኔ እንጃ» ብላ ጻፈች፤ እሱን ተወችው።

በሰሌዳው ጥግ ላይ «ስምምነት» የሚል ቁልፍ ነበረ። ሁለት ተጫዋቾች ሲቀሩ አንዱ ቢጠይቅና ሌላው ቢቀበል መስኮቱን ይካፈላሉ። ቁልፉ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ስምምነት ተፈጽሞ አያውቅም። ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ላይ ጥናት አስጠንቶ፣ ነዋሪው ውድድር ወዳድ መሆኑን ደርሶበታል።

ምኒችል ሁለት አስ በእጁ ይዞ ቁልፉን ነካ። ማሸነፍ እየቻለ መለመን ነበር፤ ግን ሌላ ማድረግ አልቻለም።

«እንዴ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ በጆሮው። «እንካፈል ይለኛል። ለካ ጨዋ ነው። የሰው ልጅ ነው።» ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። ቀጥለውም ጨዋ ሰው ሲጠየቅ እንደሚያደርገው፣ «ኧረ አይገባም፣ ይቅርብኝ» ብለው «አልቀበልም» የሚለውን ነኩ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።

ምኒችል ነገሩ ገባውና በደስታ ቁልፉን ደገመው። ሰሌዳው መለሰ፤ «ጥያቄው የሚቀርበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» ሦስተኛ ሞከረ። «ጥያቄው የሚቀርበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ጋሽ ደምመላሽ የታጠፈ እጃቸውን ፈቱ።

«ዝም አለኝ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ምን?» አሉ ጋሽ ፈረደ።

«አልደገመም። አንዴ ጠየቀና ተወው።» ወደ ሰሌዳው እያዩ፣ «እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ለካ» አሉ።

ጨዋታው ይጠብቃል። የምኒችል ተራ ነው። የጋሽ ፈረደ ትምህርት አሳልፍ ይላል። ሰው የሚያሳልፈው ጠንካራ ሲይዝ እንደሆነ ግን ጋሽ ደምመላሽም የተማሩት ነው፤ ቢያሳልፍ ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ፣ ሁለቱ አሶችም ምንም ጥቅም ሳይሰጡ ይሄዳሉ። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ያልተጠራ ሰው መሆን። ማንም ሳይለምነው፣ ከታላቅ ሰው ፊት፣ እጁን ሳይታጠብ መጉረስ። በደንብ ያደገ ሰው ሁለት አስ ይዞ እንዲህ ያደርጋል ብሎ የሚጠረጥር በማማው ውስጥ የለም። ምኒችል ግን ዕድሜውን ሙሉ ከበር እንኳ ቀድሞ ገብቶ አያውቅም።

በዚህ መሐል ጋሽ ፈረደ ወደ ኪሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው አንሾካሾኩ። «የሚጫወተው ማንም ይሁን ማን ቶሎ ይጨርስ። ጉልበቴ ሊከዳኝ ነው። እኔ ከወደቅሁ ሽምግልናውም አብሮ ወደቀ።»

ምኒችል ዓይኑን ጨፍኖ ጠጠሩን በሙሉ ገፋ።

«አያችሁት?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ከወንበራቸው ግማሽ ተነሱ። «አያችሁት ይህን አሳዳጊ የበደለው። ምንም ሳልለው፣ ሁሉንም ገፋብኝ። እንዲህ የሚጎርስ ሰው ባዶ ነው። ልቡንም እየሰማሁት ነው፤ ባዶ ነው። ምን ትላለህ ፈረደ?»

ጋሽ ፈረደ እንደ ሐቀኛ ሽማግሌ አሰቡ። «ጠንካራ የያዘ ሰው እንዲህ አይጋፋም» አሉ። «በፍጹም።»

ጋሽ ደምመላሽም ሁሉንም አስያዙ። የሁለቱም ካርታ ተገለጠ፤ የሳቸው ሁለት ንጉሥ ነው። የመሐሉ አምስት ካርታ አንድ በአንድ ተከፈተ፤ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ እንደገና ሁለት፣ ስድስት። ለማንም ያልዘመደ ካርታ ነበር። አስ ንጉሥን በላ፤ ነገሩ አለቀ።

ሲያልቅ እውነተኛ ስም ይገለጣል። ጋሽ ደምመላሽ ሰሌዳውን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ልጃችሁን ማን ነው ያላችሁኝ?»

«ምኒችል አያሌው።»

«መስኮት አለው ወይ ብያችሁ ነበር።»

ጋሽ ፈረደ አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳውን አነበቡ። ሽማግሌ በሆኑበት ዘመን ሁሉ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው አያውቅም። «አሁን አለው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰፈሩም ሩቅ አይደለም።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምኒችል ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በዚያው ቅጽበት የቅርጫቱ ሰዓት ደረሰና መውረድ ጀመረ፤ ምኒችል እጅ እንደነሳ፣ በመጀመሪያ ወገቡ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻ አናቱ ከመስኮቱ ሥር ተሰወረ።

ቀሪውን በጆሮው ሰማ።

«ልጄን ለባለጌ አልሰጥም» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«እንካፈል ብሎ ጠይቆህ ነበር እኮ» አሉ ጋሽ ፈረደ።

«አንዴ። አንዴ የጠየቀ ሰው ጠየቀ ይባላል?»

«አባዬ» አለች ትርንጎ፣ «ማሽኑ ነው የከለከለው። ቁልፉን ሲደጋግም አይቼዋለሁ።»

ኪስ ውስጥ ያለው የበር ቁልፍ ተንሿሿ፤ ጋሽ ፈረደ ክብደታቸውን ወደ ሌላኛው እግር ማዛወራቸው ነው።

«እንግዲያው በሰው አፍ ይጠይቀኝ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «አሁን ተቀመጡ፣ በማርያም። እናንተ ስትቆሙ የደከምሁት እኔ ነኝ።»

በደንቡ መሠረት ጋሽ ደምመላሽ ጤና አዳማቸውን ለልጃቸው አደራ ሰጥተው፣ ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ ምኒችል ክፍል ወረዱ። ትርንጎ እኅቷ ዘንድ ሰነበተች፤ በየማለዳው እየመጣች ጤና አዳሙን ታጠጣለች። ምኒችል ለይሉኝታ ብሎ ኮሪደር ላይ፣ በጋሽ ፈረደ ደጃፍ አደረ። ባለመስኮት ሆኖ ኮሪደር ላይ ያደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ደምመላሽ ወዳሉበት፣ በአሳንሰሩ ጉድጓድ አጠገብ ወዳለው ክፍል ሄዱ። «ልጃችን መስኮቱ የጋራችን ይሁን፣ አባት ሆነው አብረውን ይኑሩ ይላል» አሉ።

«አይሆንም። ያሸነፈ አሸነፈ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ሁለተኛ ሄዱ። «ኧረ አይገባም። እኔ እዚህ ምን ሆንሁ?» አሉ፤ በዚህ ጊዜ በሩ ድረስ ሸኟቸው።

ሦስተኛ ሲሄዱ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን አጥፈው በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው። «እናንተን ላለማስቀየም ስል ነው እንጂ» አሉ። «ልጅቷንም ይውሰዳት፤ ያው በየማለዳው ቤቱ ናት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ይቺን ላም ግን ማን ያያታል? ብቻዋን ናት። ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች፤ ስትመለስ አላየኋትም። እየጠበቅሁ ነበር።»

«እኔ አያታለሁ» አሉ ጋሽ ፈረደ።

ቃል በታሰረበት ቀን ምኒችል መስኮቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ በኩል ቆሞ አየው። የተራራዋ ቁራጭ አለች። ጤና አዳሟ አለች። በግራ ጥግ ላይ ደግሞ፣ ስንት ዘመን ከውጭ ሲፈትገው ያልለቀቀው ነጥብ አለ። ጠጋ ብሎ አየው። ከውስጥ በኩል ነው። የጣት አሻራ ነው፤ እዚህ ጋ ቀርቷል፣ እዚህ ጋ ቀርቷል እያለ የተደቀነ የአንድ አመልካች ጣት አሻራ።

ምኒችል እጅጌውን ወደ መዳፉ ሳበ። ትርንጎ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለችው በሹክሹክታ። «ነገ ስትመጣ አባዬ ምን ያሳይህ?»

በማግሥቱ ቅርጫቱ በሰዓቱ ወርዶ መስኮቱ ፊት ቆመ። ጋሽ ደምመላሽ ከወንበራቸው ተነስተው መጡና በግራው ጥግ ጣታቸውን ደቀኑ። ምኒችልም መጥረጊያውን አንስቶ፣ እሳቸው ራሳቸውን እስኪነቀንቁለት ድረስ፣ ከውጭ በኩል ምንም የሌለበትን ቦታ ደህና አድርጎ አጠበ።